እስከ ዳገቱ ቤት

ጥር 6

ደህና ቀን ነበር። ሰልፍ፣ ትኬት፣ መልስ... ሰልፍ፣ ትኬት፣ መልስ። ረፋዱ ላይ አንድ ሽማግሌ የመድኃኒት ፌስታላቸውን መስኮቴ ላይ ረስተው ሄዱ። ብድግ ብዬ ተከተልኩ። አውቶቡሱ ገና ከመናኸሪያው በር እንኳ አልወጣም። ሮጥኩ... ሮጥኩ ልበል? ጉልበቴ ከዳኝ፣ ደረቴ ነደደ፣ መሀል ግቢ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። ፌስታሉን ነጥቆ ያደረሰው ዘበኛው ነው። ዘበኛው! ከአባቴ የሚበልጥ ሰውዬ!

የጎኔ መስኮት ሠራተኛ ሳቀችብኝ። "አንቺ፣ ያመለጠሽ አውቶቡሱ ነው ወይስ ነፍስሽ?"

እኔም ሳቅኩ። ግን ደንግጫለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። መቼ ነው እንዲህ የሆንኩት? ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰው ሁሉ ሲሄድ ሳይ...

ጥር 8

መሮጥ አለብኝ። ግን መቼ? ጠዋት አማቴ አሉ። ክረምት ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከእኛ ጋር ናቸው፤ ከአልጋ አልወረዱም። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት የእኔ ነው። ቀን ሥራ፤ እስክመለስ የጎረቤት ልጅ ታያቸዋለች። ማታ ደግሞ ማታ ነው።

ለባለቤቴ ነገርኩት። ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ የተበላሸ ፍሪጅ እንዳመጡለት ሁሉ ከላይ እስከ ታች አየኝ። "እማዬን ማን ያያታል? አንድ ነገር ብትሆንስ?" የመለሱለት ራሳቸው አማቴ ናቸው፣ ከመኝታ ቤት። "ትሂድ! እግር ያለው ይሂድ!"

ተስማማን። ቁርስ ካበላኋቸው በኋላ፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ። እሳቸው አንድ ነገር ከሆኑ ግን ሩጫ የለም።

ጥር 12

የመጀመሪያ ቀን። የባለቤቴን ቱታ ለብሼ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ። ግማሽ ዙር። ጎኔን ወጋኝ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡልኝ፤ ምን ዓይነት ጭብጨባ እንደሆነ አይጠፋኝም።

ስመለስ አማቴ ትራሳቸውን ተደግፈው ጠበቁኝ። "መጀመሪያ የሚያምሽ የቱ ጋ ነው? ሲያምሽ ትቆሚያለሽ ወይስ ጥርስሽን ነክሰሽ ትቀጥያለሽ? በማግስቱስ ይታረፋል?"

"ይታረፋል ይላሉ" አልኳቸው።

"እህ..." አሉና አሰቡበት። ለእኔ እንዲህ መጨነቃቸው ደስ አለኝ።

ጥር 29

ሙሉ ዙር። ሳልቆም! ማንም አላጨበጨበም። አያስፈልግም።

የካቲት 6

ስመለስ ግንባራቸው በላብ ርሷል። ትኩሳት ይሆን? "ብርድ ልብሱ ነው" አሉ። ሁለት እንቁላል ጠየቁ። በስንት ልመና አንድ የሚቀምሱ ሴትዮ!

ማታ ለባለቤቴ ብነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። "ብቻዋን ጥለሻት እየሄድሽ እኮ ነው። አንድ ቀን እንዲህ ሆና ባገኛት ሩጫው በቃ!" መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለግማሽ ሰዓት ይለቀሳል? ይለቀሳል። ሌላ የራሴ የምለው ምን አለኝ?

የካቲት 11



ሜዳው ለተማሪዎች ውድድር ተይዟል፤ ከበሩ ተመለስኩ። ቤቴን ከፈትኩ። አማቴ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። ቆመዋል! በሌሊት ልብሳቸው፣ አንድ እጃቸው ግድግዳው ላይ፣ ፊታቸው ወደ ኩሽና። ክው ብዬ ቀረሁ። ልጩህ? ልደግፋቸው? እሳቸው ጭራሽ ተቆጡኝ።

"ምነው ቶሎ መጣሽ? ገና አልጨረስኩም እኮ!"

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ...

ሻይ አፍልቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ለካ እኔ መሮጥ በጀመርኩበት ሳምንት ነው የጀመሩት። በሩን ስዘጋ ከአልጋ ይወርዳሉ። መጀመሪያ እስከ ቁም ሣጥኑ፣ ከዚያ እስከ በሩ። አንድ ቀን ይሠራሉ፣ አንድ ቀን ያርፋሉ፤ ልክ እኔ እንደነገርኳቸው።

"ካያችሁኝማ 'ኧረ ይተኙ፣ ኧረ ይወድቃሉ' ነው። ብወድቅም ሰው ሳያየኝ ልውደቅ ብዬ ነው።"

"ወድቀዋል እንዴ?"

"ተይው እሱን። ለልጄ እንዳትነግሪ። ከሰማ ያንቺም የእኔም ሩጫ አበቃ።"

እውነታቸውን ነው።

የካቲት 13

"ግብዎ እስከ የት ነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"እስከ ቤቴ።"

ዳገቱ ላይ ያለው ቤታቸው ነው። ከወደቁ ጀምሮ ተዘግቶ የተቀመጠው። "ሰው ቤት መኖር ሰለቸኝ" አሉ። ሰው ቤት! የልጃቸውን ቤት! ቅር አለኝ... ግን እኔስ ብሆን?

"አንቺ በሩጫ ድረሺ፣ እኔ በእርምጃ። ማን እንደሚቀድም እናያለን።" ሰባውን ያለፉ ሴትዮ ፎከሩብኝ!

መጋቢት 10

የዳገቱ ወገብ ላይ ደርሼ ተመለስኩ። እሳቸው ኩሽና ደርሰው ተመልሰዋል። ለምስክርነት አንድ ማንኪያ ይዘው ጠበቁኝ።

መጋቢት 24

ደረስኩ። ሳልቆም ደረስኩ! በሩ ፊት ጉልበቴን ይዤ እያለከለኩ ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ቀና አልኩ። በሩ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ የሕፃን ልብስ ተሰጥቷል። አንዲት ወጣት ሴት ብቅ አለች።

"ማንን ፈልገሽ ነው፣ እህቴ?"

"የባለቤቴ እናት ቤት..."

"ተሳስተሽ ይሆናል። እኛ ገዝተን ከገባን ቆየን እኮ።"

"ከማን?"

"አንድ ፍሪጅ ጠጋኝ አለ፣ ከእሱ..."

ዳገቱን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ለአማቴ "ዛሬም አልደረስኩም" አልኳቸው።

በዚያው ቀን፣ ከእራት በኋላ

ገና ለእራት ከመቀመጡ ጠየቅኩት። "ቤቱን ሸጥከው?"

ማንኪያው እጁ ላይ ቀረ። "ድምፅሽን ቀንሺ... ኦፕሬሽኑን በምን የከፈልኩ መሰለሽ? ዶክተሩ ተስፋ አታድርጉ ነው ያለኝ። ለማን ላስቀምጠው?"

"ለእኔ እንኳን ሳትነግረኝ?"

"ብነግርሽ እማዬ ፊትሽ ላይ ታነበው ነበር።"

"እሳቸው እኮ ሊመለሱ..."

"አትነሳም እኮ ነው የምልሽ! በምን እግሯ ነው የምትመለሰው?"

"በዚህ እግሬ።"

በሩ ላይ ቆመዋል። ባለቤቴ ሲነሳ ወንበሩ ተገለበጠ። አፉ ተከፍቶ ቀረ። እናቱ ቀስ እያሉ ወደ እሱ መጡ። ሊደግፋቸው እጁን ሲዘረጋ ገፋ አደረጉት። ጠረጴዛው ጋ ደርሰው ተቀመጡ።

"ቤቱን በመሸጥህ አይደለም" አሉት። "ለእኔው ነው ያዋልከው። ግን አትነሳም ብለህ በሰጠሁህ ውክልና ሸጥከው። እኔን ሳትጠይቀኝ።"

አለቀሰ። እሳቸው ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡና ጨው አቀብዪኝ አሉኝ። አቀበልኳቸው።

መጋቢት 25

አልተነሱም። "የዕረፍት ቀን ነው?" አልኳቸው። ወደ ግድግዳው ዞሩ።

መጋቢት 28

ዛሬም። እኔም አልሮጥኩም። ለምን እንደሆነ እንጃ... ያን ሁሉ ያለቀስኩለትን ግማሽ ሰዓት አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጨረስኩት።

ሚያዝያ 2

ቁርስ ሳቀርብ ከመኝታ ቤት ተጣሩ። "የራሴ በር ያለው ክፍል ፈልጉልኝ!"

"እማዬ፣ ብቻሽን?" አለ ባለቤቴ።

"አባትህ ከሞተ ጀምሮ ከማን ጋር የኖርኩ መሰለህ?"

ሻዩን ሳይጨርስ ሊፈልግ ወጣ።

ሚያዝያ 23

ክፍሉ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ነው፤ ትንሽ፣ ግን በሩ የራሳቸው። ትናንት ገቡ። በከዘራ፣ በእግራቸው።

ዛሬ ጠዋት ማጠብ የለ፣ ማልበስ የለ። ጊዜ ሞልቶ ተረፈኝ። ቤቱ ጭር ብሏል። የለመንኩት ይኼን ነው? ቱታዬን ለበስኩና ወደ ሜዳው ጀመርኩ... እግሬ ግን ወደ ዳቦ ቤቱ ወሰደኝ።

ባለቤቴ ቀድሞኛል። ትኩስ ዳቦ ይዞ በራፉ ላይ ቁጭ ብሏል። በሩ ከውጭ ተቆልፏል።

"የለችም!" አለኝ፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

ዳቦ ሻጯን ጠየቅናት። "በጠዋት ወጡ። 'ወዴት ነው?' ብላቸው 'ምን አገባሽ' አሉኝ።"

ባለቤቴ ሊፈልጋቸው ብድግ አለ። ሸሚዙን ይዤ ጎተትኩት።

"ተቀመጥ።"

"ብትወድቅስ?"

"ተቀመጥ አልኩህ።"

አየኝ። መንገዱን አየ። ተቀመጠ። ዳቦውን ቆረስኩና ግማሹን ሰጠሁት፤ እስኪመጡ ጠበቅናቸው።