ትንፋሼን የጠበቀው ድራም

ይበልጣል ዓለሜ፣

ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሞላ። ያቺ በሽታ በሦስት ቀን ነጥቃህ ስትሄድ መሰናበቻ እንኳ አልሰጠችንም። ልጃችን ሙሉ ቆማ መሄድ ጀምራለች፤ ሳፋውን በማንኪያ እየደበደበች ቤቱን ታናውጠዋለች። ያው የአባቷ ልጅ! አስጠግናለሁ ያልከው በር አሁንም ሲከፈት ይጮኻል፤ ተወው ብዬ ትቼዋለሁ።

የምጽፍልህ ግን ሌላ ነው። ያቺን በሮክ ምት የሠራሃትን ዘፈን ሊቀዳልን ከአዲስ አበባ ሰው መጣ። የኪነት ቡድናችን በሙሉ ፍኖተ ሰላም፣ ቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰበ። ሰውየው ምት እየቆጠረች ጠቅ ጠቅ የምትል መሣሪያ ይዟል፤ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማን በእሷ ልክ መሄድ አለብን። አንተ ብትኖር ምን እንደምትላት አላጣውም! ባንተ ቦታ ድራሙ ላይ የገባው አበጀ፣ የደምበጫው፣ ከእሷ ጋር ልክክ አለ። ጉድ የሆንኩት እኔ ነኝ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሼ ያጥርና ቃሉ ይቀራል። አምስት ጊዜ ሞከርን። ቀጂው እስኪመሽ ካልሆነልኝ ለሌላ ዘፋኝ እንደሚሰጣት ነገረኝ። ያንተን ዘፈን! ምት ስቼ አላውቅም እያልኩ ስመጻደቅብህ የኖርኩት ሴትዮ አንገቴን ደፋሁ።

አበጀ የልምምድ ካሴታችንን አስመጣ፤ ቡሬ ለአብዮት በዓል ስንዘጋጅ የቀዳናትን። ከመሣሪያዋ ጋር አንድ ላይ ከፈታት። አንተና መሣሪያዋ ሁለት ስንኝ እኩል ሄዳችሁ። ሦስተኛው ላይ፣ እኔ አየር ስስብ፣ ድራምህ ቀረት አለ። ሳብኩ፤ ተመለሰ። በየዙሩ እንዲሁ። ሙሉን ከወለድኩ ወዲህ ትንፋሼ ማጠሩን ለማንም አልተናገርኩም፤ እኔ ራሴ እንኳ ልብ አላልኩትም ነበርና። አንተ ከኋላዬ ተቀምጠህ፣ ጀርባዬን ብቻ እያየህ፣ እንዴት አወቅህ? ምን ዓይነት ጆሮ ነው እግዜር የሰጠህ? ቀጂው ራሱ ማዳመጫውን አውልቆ ቆሞ ቀረ።

እሱው መሣሪያዋን ዘጋት። በማዳመጫው ያንተን ካሴት ለቀቁልን፤ አበጀ አንተን እየተከተለ መታ፣ እኔም ዘፈንኩ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ እንባዬ መጣ፣ ቃሉ ግን አልቀረም። ቀጂው ድገሚ አላለኝም።

እኔ አንተን የምረሳበት አንጀት የለኝም። ሙሉም ከፍ ስትል ካሴቷን እከፍትላታለሁ። ሦስተኛው ስንኝ ጋ እጇን ይዤ፣ ይኸው አባትሽ፣ እኔን እየጠበቀኝ ነው እላታለሁ።

ያንተው እናኑ