ሰው ካልሞተ የማይወጣው የዕድራችን መሰርሰሪያ

ለተከበሩ አቶ በላይነህ፣ የሠፈራችን ዕድር ሊቀመንበር
ደብረ ታቦር

የጉና ብርድ እንደምን ይዞዎታል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ዕቃ እያነሡ የሚመርጡበት ክንድዎ ደኅና እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ፤ ግድግዳዬ ግን ደኅና አይደለም።

ዕድራችን ከድንኳኑና ከድስቶቹ ሌላ ለአባላቱ ቤት ማበጃ የሚሆን የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ መግዛቱ የሚያስመሰግን ነው። ስለ አመራረጡ ግን ጥቂት ቅሬታዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ኮሚቴዎ ገበያ ወርዶ መሰርሰሪያውን የመረጠው እንደ ፋሲካ በግ ነው ይባላል፤ ከፍ አድርጋችሁ ክብደቱን ገመታችሁ፣ አስጩኻችሁ ድምፁን አዳመጣችሁ፣ ከሁሉ የከበደውንና ከሁሉ የጮኸውንም ይዛችሁ ገባችሁ። ምርጫው ለድልድይ ሠሪ ድንቅ ነው። የእኛ ቤቶች ግን እንጨትና ጭቃ መሆናቸውን፣ ኮሚቴውም በእነዚሁ ቤቶች እንደሚያድር ለማስታወስ እደፍራለሁ። እኛ በተማሪነታችን ዘመን፣ መሣሪያ ከማንሣታችሁ በፊት ሥራውን እዩ ተብለን፣ ካላየንም በአለንጋ ተመክረን ነው ያደግነው።

፪. የባለቤቴን የአዳነን ፎቶግራፍ ለሙት ዓመቱ ለመስቀል መሰርሰሪያውን ብጠይቅ፣ የዕድር ዕቃ ለቅሶ ከሌለበት ቤት አይሄድም በማለት «ማን ሞተብዎ?» አሉኝ። አዳነ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው፤ ንፍሮውን ከፊት ተቀምጠው የበሉት እርስዎ ነዎት። ያም ሆኖ ስሙን እንደገና ጽፈው ዕቃውን ስለፈቀዱልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። በእርስዎ መዝገብ ሁለት ጊዜ በመሞት አዳነ ከዘር ማንዘሩ የመጀመሪያው ነው።

፫. ፑንታ የሚሉት የሚበሳው ብረት አውራ ጣት ያህላል። ጎረቤታችን ሞላ በሁለት እጁ ታቅፎ አንዴ ቢጫነው፣ ግድግዳዬን አልፎ ከወይዘሮ ፋጡማ ሳሎን ገባ። እሳቸው ምሳ ላይ ነበሩ፤ ጭቃው ከሳህናቸው አረፈ። እኔ የፈለግሁት ሚስማር የሚይዝ ቀዳዳ ነበር፤ ዕድሩ መስኮት ሰጠኝ።

፬. ፎቶግራፍ፣ መደርደሪያና መጋረጃ ለመስቀል በአንድ እጅ የሚያዝ፣ መብራት በሄደ ቁጥር የማይሞት ባለ ባትሪ፣ ቀጭን ፑንታ ያለው ይበቃል። ይህን ለማወቅ ኮሚቴ አያስፈልግም፤ ወይዘሮ ፋጡማ ለቀረው ግድግዳቸው ሰግተው በማግስቱ ገዝተውታል። የአዳነም ፎቶግራፍ በእሱ ተሰቅሏል፣ ከመስኮታችን አንድ ክንድ ከፍ ብሎ።

እንግዶቼ የፊታችን እሑድ ለሙት ዓመቱ ስለሚመጡ፣ ኮሚቴው ከዚያ በፊት ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክቶ ቀዳዳውን በራሱ እጅ እንዲመርግልኝ እጠይቃለሁ።

የዕድሩን ዕቃ መልሳ ለማስረከብ ባጃጅ የተከራየች፣ ለሊቀመንበሩ ግን ረጅም ዕድሜና ቀላል ሸክም የምትለምን፣

ወርቅነሽ

ማስታወሻ፦ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለመጋረጃዎ ዘንግ የወይዘሮ ፋጡማን ትንሹን መሰርሰሪያ ሲዋሱ፣ እሳቸው ማን ሞተብዎ ብለው አልጠየቁዎትም። «እባክዎ፣ እማማ ወርቅነሽ እንዳይሰሙ» ማለትዎን በመስኮታችን በኩል አጥርቼ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ምርጊቱ ከእኔ ይልቅ እርስዎን ያስቸኩላል።