ማንም ያልቀጠፈው ኮክ

እማየ፣

እንደምን አለሽ ብዬ ልጀምር እልና እጄ ይቆማል። ከተለየሽኝ ዓመት ከወር ሆነ፤ እኔ ግን ዛሬም በር ሲንኳኳ አንቺ ትመስይኛለሽ። ቤቱ ደህና ነው፤ ጣራው በዚህ ሁሉ ዝናብ አላፈሰሰም። አንቺን ላስታምም ስመለስ ከጅዳ ይዤው የመጣሁት ሻንጣ እስካሁን አልጋሽ ሥር ነው፤ ግማሹን አልፈታሁትም። አልጋሽ ላይ አልተኛም፤ መደቡ ላይ ነኝ። ብታዪኝ ትቆጪኝ ነበር።

የጻፍኩልሽ ስለ አትክልቱ ቦታ ነው። ለሌላ ሰው ብነግረው አይገባውም።

ያ ከደብሩ አጥር በስተኋላ ያለው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያተኛው አህያውን ያስርበትና ሰፈርተኛው ቆሻሻ ይደፋበት የነበረው ቦታ፣ አሁን ብታዪው አታውቂውም። ደብሩ መሬቱን ለአንቺና ለሰፈሩ ሴቶች ሲሰጣችሁ ክረምት ሲገባ ጓዳው የሚራቆትበት የመካነ ሰላም ሰው፣ ክርስቲያን እስላም ሳይባል፣ አብሮ አልምቶ አብሮ ይብላ ተብሎ ነበር። የግብርና ባለሙያው «የምግብ ደን» ብሎ ስም ሲያወጣለት በስልክ እየሳቅሽ ነገርሽኝ፤ እኔ የማውቀው ደን ጅብ ያለበትን ነው አልሽኝ። ደንሽ ደርሷል። ኮኩ አጥሩን አልፎ ታይቷል። ፖሙ ገና እየለገመ ነው። ከሥራቸው ጌሾውና ጤና አዳሙ ተጠጋግተው በቅለዋል፤ ጎመኑን ሴቶቹ ካንቺ በኋላ ዘሩት።

ግን የሚበላው ሰው የለም፣ እማየ።

ነገሩ ከየት እንደጀመረ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። የመጀመሪያዎቹን ችግኞች ፍየል በላቸው። ሁለተኛዎቹን ማን እንደነቀላቸው ሳይታወቅ ነግቶ ባዶ ጉድጓድ ተገኘ። ያኔ ንዴትሽ መጣና፣ ቄሰ ገበዙን ጠበል አስረጭተሽ፣ ሰው በተሰበሰበበት «ይህ ተክል ከዛሬ ጀምሮ የእመቤታችን ነው፤ የነካ ዋጋውን ከሷ ያግኝ» አልሽ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቅጠል አልተነካም። ፍየሎቹ እንኳ መንገድ ቀየሩ። ፍሬው ሲደርስ ግን ራሴ ቀድሜ እበላለሁ፣ ሰው ሲያየኝ ይከተለኛል ብለሽ ነበር። ይህንንም በስልክ ነው የነገርሽኝ። አሠሪዬ እየጠራችኝ ስለነበር እሺ እሺ ብዬ ዘጋሁት።

ዘንድሮ ኮኩ ቅርንጫፉን እስኪያጎብጠው አፈራ። ሰዎቹ ሥራውን አልተዉም፤ በጋውን ሙሉ ከቦኖ ውሃ እየተሸከሙ አጠጡ፣ ኮተኮቱ። ሲጨርሱ እጃቸውን ይታጠቡና ጎመን ሊገዙ ገበያ ይወርዳሉ። በእጃቸው የዘሩት ጎመን፣ በዚያ መሬት የበቀለ ሁሉ የእመቤታችን ነው ተብሎ፣ እዚያው አጠገባቸው አብቦ ዘር ይዟል። ካንቺ ጋር የመጀመሪያውን ጉድጓድ የቆፈረችውን ጎረቤታችንን እቴ ዘይነባን፣ እናንተ እንኳ እስላሞች ናችሁ፣ ምን ያስፈራችኋል ብላት «ወላሂ አልነካም ልጀ፣ የእመቤቴ ነገር አያስቀልድም» አለችኝ። ያን ቀን የልጅ ልጆቿ ቆሎ ብቻ ቆርጥመው እንደዋሉ አውቃለሁ።

ቄሰ ገበዙም ጨነቃቸው። ሦስት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ «እመቤታችን የተራበ አትከለክልም፤ ቀጥፋችሁ ብሉ» ብለው ተናገሩ። ሰው ሁሉ አሜን ብሎ ወደየቤቱ ይሄዳል። እስቲ እርስዎ ይቅደሙ ሲባሉ ጥርሴን ያመኛል አሉ።

በመጨረሻ ነገሩ ወደ እኔ ዞረ። ቃሉን የተናገረችው እናቷ ናት፣ ልጅቱ ከቀመሰች ይፈታል ተባለ። ባለፈው እሑድ ሁሉም መጥተው አጥሩን ከበው ቆሙ። እቴ ዘይነባ የልጅ ልጆቿን አስከትላለች። አንድ ቀይ ኮክ ቀጠፍኩና በነጠላዬ ጠረግሁት። ወደ አፌ አስጠጋሁት፤ ሽታው ሲደርሰኝ ግን እንባዬ መጣ። ኮኩን ከግንዱ ሥር አስቀምጬ እየሮጥኩ ወጣሁ። ከኋላዬ «አያችሁ፣ ልጇም አልቻለች» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ አጥሩን መጠጋትም ፈርተዋል። የነበረውን ተስፋ የዘጋሁት እኔው ነኝ።

ለምን እንዳለቀስኩ አልገባቸውም። አንቺ ግን ታውቂያለሽ።

ልታርፊ ሳምንት ሲቀርሽ ነበር። ሁለት ሦስት ኮክ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልቶ ነበር። ትኩሳቱ እህል ውሃ ካስጠላሽ ሰንብቷል። ያን ጠዋት ዓይንሽን ገልጠሽ፣ አንዲት ኮክ ብቻ ቀጥፈሽ አምጪልኝ አልሽኝ። ትቃዣለች ብዬ አሰብኩ። ደግሞም ፈራሁ፤ የታቦት ነገር በልታ ሕመሙ ቢብስባትስ አልኩ። የእመቤታችን ነውኮ እማየ፣ ሲሻልሽ ከገበያ እገዛልሻለሁ አልኩሽ። ክርክር የምትወጂው ሴትዮ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዞርሽ።

በስልክ ያልሽኝ ነገር ትዝ ያለኝ ባለፈው እሑድ፣ ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ነው። አልቃዠሽም ነበር። ቃልሽን ልትፈቺ ነበር። ያን ቀን አምጥቼልሽ፣ ደጃፍ ላይ ደግፌሽ፣ ሰው ሁሉ እያየሽ በልተሽ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሰፈሩ በሙሉ ይበላ ነበር። ለአንቺም ቢሆን የመጨረሻ አምሮትሽ ነበር፤ እሱንም ነፈግሁሽ።

ለእቴ ዘይነባ ብቻ ነገርኳት። «አብሽሪ» ብላ አብራኝ አለቀሰች፤ ለሰው ተናገሪ አለችኝ። ኮኩን ግን እሷም አልነካችም። ብናገር ማን ያምነኛል? መብላት አምሯት የፈጠረችው ነው ይሉኛል። ዝም ብልም ፍሬው እየረገፈ ነው። ጠዋት ጠዋት የወደቀውን እለቅምና ከግንዱ ሥር አፈር አለብሰዋለሁ። ከዚህ ሌላ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

እማየ፣ እንዳንቺ ብርቱ አልሆንኩልሽም። ዛፎችሽን ግን በበጋ ውሃ አላስጠማቸውም፤ ስምሽንም በየቅዳሴው አስጠራለሁ። አንዲት ብቻ ያልሽበትን ድምፅሽንም አልረሳውም። ልርሳው ብልም በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ኮኩ መቅላቱ አይቀርም።

የከለከለችሽ ልጅሽ