ከበርበሬው ሥር

ይድረስ ለልጄ ለያይኔአበባ፣ ሊትዌኒያ። በዚያ በበረዶው አገር እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ቡሬ ላይ፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነን። እናትሽ «በቆሎው እንዳሸተ ጻፉላት» ብላኛለች።

በስልክ ያወጋሽኝ ነገር ከሐሳቤ አልወጣ አለ። ሰዎቹ በባዕድ ንጉሥ ሥር ሳሉ በገዛ ፊደላቸው ማሳተም አርባ ዓመት ቢከለከሉ፣ መጽሐፉን ውጭ አሳትመው በድርቆሽ ጭነት ሥር እየደበቁ አስገቡት አልሽኝ። ኋላ መንግሥት ያቆሙት በዚያው ጽናት ነው አልሽ። እናቶቹም እየፈተሉ ልጆቻቸውን ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። እኔ ፊደል ሳስቆጥር የሸበትኩ ነኝና እስቲ ጠይቂልኝ፤ ሥራ ውለው ሲገቡ አይደክማቸውም ነበር?

የልጅ ልጄ መታሰቢያ ባለፈው በስልክ ብዙ አወራኝ። አንቺ ሳትተረጉሚልኝ መስመሩ ተቋረጠ እንጂ ድምፁ እንዴት ደስ ይላል! ሰባት ዓመት ሞላው አይደል?

ለትምህርት ወደዚያ የሚመጣው የአክስትሽ ልጅ ጌታሁን በርበሬ ይዞልሻል። ስትገለብጪው ቀስ በይ፤ ከሥሩ የፊደል ገበታ አለ። አንቺ በልጅነትሽ ትጠቁሚበት እንደነበረው ያለ ስንደዶም ቆርጬ አብሬ አስሬዋለሁ።

የጊዮርጊስ ጥበቃ ከደጃፍሽ አይራቅ። ጌታሁንን ኬላ ላይ ምን ይዘሃል ቢሉህ፣ በርበሬ ብቻ በል ብዬዋለሁ።

አባትሽ ገደፋው