ቅቤ የቀባኸው የብስክሌትህ ጎማ

ውድ አባባዬ፣

ከሄድክ ዘጠኝ ወር ሊሞላ ነው። እንዴት ነህ ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ፤ ግን መልሱ ከየት ይመጣል? ስለ እኛ ልንገርህ።

እማዬ የወተቱን ጀሪካን በትከሻዋ ተሸክማ እስከ መሰብሰቢያው በእግሯ ትሄዳለች። አመመኝ አትልም እንጂ ስትመለስ ጉልበቷን ይዛ ነው የምትቀመጠው። እኔ ያው ነኝ። በመካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ፣ ዱከምና ገላን ፋብሪካ በር ላይ ማመልከቻ ሰጥቼ፣ "እንደውልልሻለን" ተብዬ እመለሳለሁ። ሰኞ ሰኞ ተስፋ ይዤ እነሳለሁ፤ አርብ ሲደርስ ድክም ይለኛል።

ብስክሌትህ ከጓሮ አልተነሳችም ነበር። የፊት ጎማዋ ይወላገዳል፣ ማጥበቂያ እጀታዋ ደርቃ አልንቀሳቀስ ብላለች። እማዬ ባየቻት ቁጥር ስለምታለቅስ ለጓደኛህ ለኦቦ ቶሎሳ ልትሰጣት ቃል ገባች። ቅዳሜ መጥተው ሊወስዷት ሆነ። እኔ ግን እንድትሄድብኝ አልፈለግኩም። ካንተ የቀረን የሚንቀሳቀስ ነገር እሷ ብቻ ናት። ከሠራኋት እማዬ ሐሳቧን ትቀይር ይሆናል ብዬ አርብ ዕለት ጓሮ ቁጭ አልኩ።

ያለ መፍቻ፣ በእጅ ታጥፋ ጎማውን የምታጠብቀውን እጀታ ታውቃታለህ። እንደ ምንም አላቅቄ ቀጭኑን ዘንግ ከጎማው መሀል ስስበው ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ቅቤ! ደርቆ፣ ከአቧራ ጋር ተቦክቶ፣ ጥቁር ማስቲካ ሆኗል። አንደኛ ዓመት ሳለሁ ለእረፍት መጥቼ እጅ ከፍንጅ የያዝኩህ ቀን ትዝ አለኝ። "አባባ፣ ብስክሌት እኮ ቂጣ አይደለም!" ብዬ ስስቅብህ፣ "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ወተቱን የምታደርሰው እሷ አይደለች? ቅቤው ይገባታል!" አልከኝ።

በሳቅ ጀምሬ በለቅሶ ጨረስኩ።

ከዚያ ዘንጉንና በጫፎቹ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ሞላዎች በነጭ ጋዝና ባረጀ የጥርስ ብሩሽ አጠብኳቸው። ዘንጉን ስስ ግራሶ ቀባሁት፤ እጀታዋ የምትታጠፍበት ላይ አንድ ጠብታ ዘይት። የሞላዎቹ ጠባብ ጎን ወደ ጎማው መሆን ሲገባው ገልብጬ ገጥሜ፣ ሁሉንም እንደገና ፈታሁ። ዲግሪዬ ይኸው! በመጨረሻ እጀታዋን መዳፌ ላይ ምልክት እስክትተው ድረስ ተጭኜ ዘጋኋት።

ቅዳሜ ኦቦ ቶሎሳ መጡ። ጎማዋን አንስተው አሽከረከሩት፤ ቀጥ ብሎ ዞረ። "ማነው የሠራት?" አሉ። እማዬ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች፤ ቃል ሰጥታለችና ትቅር ማለት አይሆንላትም። እኔው ደፈርኩ፦ "ኦቦ፣ ወተቱን እኔ ላድርስባት።"

"እኔ ታዲያ ምን ልሠራ መጣሁ?" ብለው ሳቁ። ምሳ በልተው፣ ብስክሌቷን ለእኛው ትተው በእግራቸው ተመለሱ።

አሁን ወተቱን አድርሼ ነው ሥራ ፍለጋ የምሄደው። የሱሉልታን ዳገት ስገፋ አብረውኝ የተመረቁ ልጆች አይተውኛል፤ ይዩኝ። ደክሞኛል፣ አልዋሽህም። ግን ዛሬ ጠዋት ጀሪካኑን ስጭን እማዬ ተመልሳ ተኛች። ካንተ ወዲህ ፀሐይ ወጥታ ተኝታ ሳያት ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሥራ አግኝቼ ርቄ ብሄድ እንኳ ያንን ዘንግ ላጸዳ በየወሩ እመጣለሁ። እያጸዳሁም፣ ጓሮው እስኪሰማ፣ ስምህን እጠራለሁ።

ልጅህ ጫልቱ