የፀሐይ ሣጥኑና የአስናቀች ስለት

ዓርብ፣ ግንቦት 15

ሰሙ አልቀለጠም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሣጥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ዳር ዳሩ ትንሽ ለስለስ አለ፣ በቃ።

የሠራሁት እንዲህ ነው፦ የእንጨት ሣጥን፣ ሙቀት እንዳያመልጥ ዙሪያውን ሰጋቱራ፣ ውስጡን ፎይል፣ ወለሉ ላይ ጥቁር ቀለም የቀባሁት ትሪ። ክዳኑ መገናኛ ያስቆረጥኩት መስታወት ነው፤ ከኋላ ከፍ፣ ከፊት ዝቅ ያለ። ስልክ ላይ ካየሁት ቪዲዮ ተማርኩ። ሠላሳ ዓመት መሬት ስቀይስ የኖርኩ ሰው አንድ ሣጥን ያቅተኛል?

ባለቤቴ አስናቀች በወጥ ቤቱ መስኮት አየችኝና ተመለሰች። አልወጣችም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ጥቅምት ላይ በልቤ ምክንያት ሆስፒታል ተኝቼ፣ ሐኪሞቹ ከእኔ ራቅ ብለው ማውራት ሲጀምሩ፣ አስናቀች ተሳለች። ከተነሣሁ በገዛ እጇ የሠራችውን አርባ ጧፍ ለግንቦት ሃያ አንድ እንጦጦ ማርያም ልታስገባ። ተነሣሁ። ተመስገን።

እሷም ክሩን አዘጋጀች፣ ሰሙን ገዛች። የዛሬ ወር ምድጃ ላይ ስታቀልጠው በእሳት ተያያዘና ቀኝ እጇን አቃጠላት። ቁስሉ ድኗል። ፍርሃቱ ግን አለቀቃትም። ሰም ከምድጃ አጠገብ ካየች ወደ ኋላ ትሸሻለች። ፀሐይ ደግሞ ሰም ታቀልጣለች እንጂ አታነድም። የምለፋው ለዚህ ነው።

ዛሬ የጨመርኩት፦ ሌላ ሰጋቱራ፣ የመስታወቱ ጠርዝ ላይ ላስቲክ፣ አንድ ተጨማሪ ቀለም። ውጤቱ፦ ግማሽ ሲኒ ሰም። ቢሆንም ደስ አለኝ። ትናንት ይህም አልነበረም።

እሑድ፣ ግንቦት 17

የነፍስ አባታችን መጡ። ነገሩን ሲሰሙ «ልጄ፣ እመቤታችን ልብሽን ታያለች፤ ገዝተሽ አስገቢ» አሏት። «እሺ አባ» አለች። ሸኝታቸው ስትመለስ ግን «እኔ የተሳልኩት የተገዛ አይደለም» አለችኝና መኝታ ቤት ገባች። ስታለቅስ ሰማኋት።

እኔ ድኜ እንጀራዬን እየበላሁ፣ እሷ ስለቷን ሳታደርስ ብትቀር በምን ዓይኔ አያታለሁ?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ትናንት ዳመና ነበር፣ ምንም አልተሠራም። ዛሬ ፀሐዩ ጠራራ ሆኖ ሰሙ ያው ነው። ኮምፓሴን አውጥቼ ሣጥኑን እንደገና ለካሁት። ፊቱ ልክ ወደ ደቡብ ነው፣ ቪዲዮው እንዳለው። አንዲት ዲግሪ አልተሳሳትኩም።

ስድስት ሰዓት ላይ አስናቀች ልብስ ልታሰጣ ወጣች። ቆም ብላ አየችኝ።

«ፀሐይዋን ጀርባ ሰጥተሃት ነው እንዴ ሰም የምታቀልጠው?»

«ወደ ደቡብ አዙሩት ይላል ሰውየው።»

«አገሩ የት ነው?»

አላውቅም። ከኋላው በረዶ ነበር። ጎትታ አስነሣችኝና ጥላዬን አሳየችኝ፤ አጭር ነው፣ ግን ወደ ደቡብ ወድቋል። የሣጥኑ የኋላ ግድግዳም ትሪው ላይ ጥላ ጥሏል። በእኛ አገር በግንቦት ፀሐይዋ በሰሜን፣ በእንጦጦ በኩል ታልፋለች። ልብስ የሚያሰጣ ሁሉ የሚያውቀውን እኔ በኮምፓስ አጣሁት! ሳቀች። ከቃጠሎው ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም።

ሣጥኑን ራሷ አዞረችው። ስምንት ሰዓት ላይ ትሪው ሙሉ ማር የመሰለ ሰም ሆነ። መስታወቱን በጨርቅ ይዛ አነሣች፣ ትንሽ አመነታች፣ ከዚያ ክሩን ነከረች። ዘጠኝ ጧፍ። አምላኬ ሆይ፣ አልሸሸችም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

ጠዋት ፀሐይ፣ ሃያ ስምንት ጧፍ። ጎኗ ቁጭ ብዬ ክር አቀበልኳት። በስምንት ሰዓት ዝናቡ መጣና ሰሙ ረጋ። ሦስት ቀረ።

«ሦስቱን እኔ ምድጃ ላይ ልጨርስልሽ» አልኳት።

«አንተ አልተሳልክም!»

ዝናቡ እስኪመሽ አላባራም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

ሠላሳ ሰባቱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ አቀፈቻቸው። የጎደለውን ለእመቤታችን እንደነገረቻትና ለሰኔ ሃያ አንድ እንደምታደርስ ታክሲ ውስጥ ነገረችኝ። ከታክሲው ወርደን የቀረውን አቀበት በእግር ወጣን። ሁለት ጊዜ አረፍኩ። ሁለቱንም ጊዜ ቆማ ጠበቀችኝ።

ግቢው ሰው በሰው ነው። ስለት የሚቀበሉት ዲያቆን ጧፉን ተረከቡና ለሕዝቡ እንዲያሰሙላት «እናቴ፣ ስለትዎ ምን ነበር?» ብለው ጠየቋት። አስናቀች ዞር ብላ በተቃጠለው እጇ ወደ እኔ አመለከተች።

«ይኸው» አለች፣ «ቆሟል።»

እልልታው ቀለጠ። እኔ ደክሞኝ ግንቡን ተደግፌ ነበር። ቶሎ ብዬ ለቀቅኩትና ቀጥ ብዬ ቆምኩ።