የመከታ ጉበት

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? የደብረ ማርቆስ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ላሟ ወልዳለች፤ ጉልበቴም ከመንቋቋት በቀር አልሰነፈም።

ልንገርሽና፣ አባትሽ ውሻሽን መከታን ከሞት አስነስቷል። ሞቶ ነበር እንኳ አልልም፤ ዝንቦቹ ግን ሞቷል ብለው ወስነው ነበር። ይህንንም የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። በማታው ትምህርት ከወንዶች አንደኛ ወጥቻለሁ። ሌሎቹ ሴቶች ናቸው።

ነገሩ የመጣው በጾሙ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ከማዕዳችን ለውሻ የሚተርፍ ጠፋ። እኔም ብልህ ነኝ ብዬ፣ ጉድጓድ ውስጥ የሻገተውን በቆሎ አስፈጭቼ፣ ዱቄቱን በውሃ እየበጠበጥኩ ሰጠሁት። መጀመሪያ መብላት ተወ፣ ቀጥሎ ያስመልሰው ጀመር፣ ከዚያ የዓይኑ ነጭ እርድ መሰለ። ጎረቤታችን የኔአለም የወፍ በሽታ ነው፣ ቅጠል አጠጣው አለችኝ። በስልክ ደህና ነው ስልሽ እግሬ ሥር ተጋድሞ ነበር። እናትሽ የመረጠችልሽን ሙሽራ እምቢ ብለሽ ከወጣሽ ወዲህ እሷ ስምሽን አታነሳም፤ አንቺም የምትጠይቂው ስለ ውሻው ብቻ ነው። እሱ ከሞተ በምን አፌ ነይ እልሻለሁ ብዬ ፈራሁ።

በአህያ ጭኜ ይጁቤ ከተማ ወሰድኩት። መንገደኛው ምን ጭነሃል ሲለኝ አለቃዬን ነው እያልኩ። የእንስሳት ሐኪሟ ሩሃማ ድዱን ገልጣ አየችና ምን አበላችሁት አለች። ነገርኳት፤ የየኔአለምንም የቅጠል ምክር ጨመርኩላት። ሻጋታው ጉበቱን መርዞታል፣ ቅጠሉንም እንዳትሞክረው፣ ለጉበቱ ሌላ ሸክም ነው አለችኝ። ጉሉኮስ ሰቀለችለት፣ መርፌም ወጋችው። ዛሬን ካደረ ተስፋ አለው፣ ጉበት ጊዜ ካገኘ ራሱን ይጠግናል፣ እንቁላልና ወተት በትንሽ በትንሹ ስጠው አለች። ጾም ነው እኮ ብላት፣ እሱ ቆርቧል እንዴ አለችኝ።

እናትሽ እንቁላል ሲባል አማተበች። እኔ ግን ደጅ ጉልቻ ጎልቼ፣ በጣሳ እየቀቀልኩ፣ በጣቴ አላስኩት። መጀመሪያ ጣቴን ብቻ አሸተተ። በማግስቱ ትንሽ ዋጠ። ለሆሳዕና ዓይኑ ነጣ። ትናንት የየኔአለምን ዶሮ አሳድዶ አሰደበኝ፤ ስድብ እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ልጄ፣ የኪዳነ ምሕረት ጥላ አይለይሽ። ያሰብሽው ይሙላልሽ፣ መንገድሽንም ወደ ቤት ታቅናልሽ።

አንዲት ነገር ግን ከራሴ ጨምሬአለሁ። እንቁላሉን የቀቀልኩት እኔ አይደለሁም፤ መቀቀል የት አውቄ። እናትሽ ናት፣ ያውም በራሷ ድስት። አትጻፍ ብላኝ ነበር። ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ብላ እንጂ፣ ስትመጣ አንተን ካጣች እኮ አታድርም ስትለው ሰማኋት። ማን ስትመጣ ብዬ አልጠየቅኳትም።

አባትሽ